«ኦርጋናይዜሽን ደብሊው ኤች» የሚባል ደራሲ የለም

ጥያቄ፦ «በኅብረተሰብ ጤና የሠራሁትን የማስተርስ ቴሲስ አሳጥሬ ለጆርናል ልልክ ነው። ቴሲሱ በኤፒኤ የዋቢ አጻጻፍ ስታይል ነው የተጻፈው፤ ጆርናሉ ደግሞ ቫንኩቨር ይላል። ዋቢዎቼ 112 ናቸው፤ ሁሉንም በእጄ ነው የጻፍኳቸው። አማካሪዬ ‹ሶፍትዌር የሐበሻ ስም ያበላሻል፣ አሁንም በእጅሽ ቀይሪው› አሉኝ። ጓደኛዬ በበኩሉ ‹ለቻትጂፒቲ ስጪው፣ በአንድ ደቂቃ ይጨርስልሻል› ይላል። ከዋቢዎቹ ውስጥ የአማርኛ መመሪያዎችና አንድ አዋጅ አሉ፤ ዓመታቸው በእኛ አቆጣጠር ነው። ጽሑፌ በፎርማት ምክንያት ውድቅ እንዳይሆንብኝ ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦ ከስጋትሽ ልጀምር። በነጥብና በነጠላ ሰረዝ አቀማመጥ ብቻ ጽሑፍ ውድቅ ሲደረግ ብዙም አይታይም። ኤዲተር ጽሑፍን ገና ከበሩ የሚመልሰው ርዕሱ ከጆርናሉ ጋር ስላልገጠመ፣ የሥነ ምግባር ፈቃድ ስለጎደለው ወይም ጥናቱ ራሱ ደካማ ስለሆነ ነው። እንዲያውም የትልቁን አሳታሚ የኤልዘቪየርን ጆርናሎች ጨምሮ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ዙር የትኛውንም ስታይል ይቀበላሉ። የሚጠይቁት ከላይ እስከ ታች ወጥ እንዲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ ምንም ከመንካትሽ በፊት የጆርናሉን የደራሲዎች መመሪያ ክፈቺና ይህን የሚፈቅድ መሆኑን እዪ። ከፈቀደ ጥድፊያው ቀረልሽ።

ዋቢውን ግን ማንም አያየውም ብለሽ እንዳትዘናጊ። ብዙ ገምጋሚ ገና ጽሑፉን ሲከፍት የሚሄደው ወደ መጨረሻው ገጽ ነው። የራሱ ሥራ ተጠቅሶ እንደሆነ ሊያይ ነው የሚሄደው የሚሉም አሉ፤ ሐሜት ብቻ አይመስለኝም። እዚያ ደርሶ «ኦርጋናይዜሽን ደብሊው ኤች» የሚል ደራሲ ካገኘ ስለ አንቺ ጥንቃቄ የሚያስበውን መገመት አያቅትም። ይህ ደራሲ ሌላ ማንም ሳይሆን የዓለም ጤና ድርጅት ነው። ታትመው በወጡ ጽሑፎች ውስጥ ሳይቀር ታገኚዋለሽ። ወንድሙ ደግሞ «ኤጀንሲ ሲ ኤስ» ይባላል፤ የእኛው ማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲ ነው።

እዚህ ላይ አማካሪሽ ያዩት ችግር እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን እሳቸው እንዳሉት አይደለም። የዋቢ ማደራጃ ሶፍትዌሩ ምንም አላበላሸም። ለደራሲ ስም ሁለት ሳጥን አለው፤ አንዱ ለቤተሰብ ስም፣ አንዱ ለራስ ስም። የድርጅት ስም እዚያ ሲገባ የመጨረሻውን ቃል የቤተሰብ ስም ያደርገውና የቀሩትን በፊደል ያሳጥራቸዋል። ስታይል ማለት መረጃን የሚደረድር ሕግ ነው። የተሳሳተ መረጃ ከሰጠሽው ስህተቱን አሳምሮ ይደረድርልሻል። የአንቺ ሥራ በየሳጥኑ የሚገባውን ማጥራት ነው፤ ነጥቡንና ሰረዙን ለማሽኑ ተዪው።

በእጅ ይሁን የሚለውን በፍጹም አልመክርም። በኤፒኤ ደራሲና ዓመት ስለሚጻፍ አንድ ዋቢ ብትጨምሪ ሌላው አይነካም። ቫንኩቨር ግን ቁጥር ነው። ቁጥሩ የሚሰጠው ምንጩ በጽሑፉ ውስጥ መጀመሪያ በተጠቀሰበት ቅደም ተከተል ሲሆን ያው ምንጭ እንደገና ሲመጣ የመጀመሪያ ቁጥሩን ይዞ ይመጣል። እንግዲህ ገምጋሚው መግቢያሽ ላይ አንድ ጥናት ጨምሪ ቢልሽ ከዚያ በታች ያለው ቁጥር በሙሉ ይንሸራተታል። በእጅሽ ስታስተካክዪ አንዱ ያመልጥሻል። ስለ ደም ማነስ የጻፍሽው ዓረፍተ ነገር ስለ ወባ የተጻፈ ጥናት ላይ ያርፋል። ከሁለት ዙር ግምገማ በኋላ ደግሞ የትኛው ቁጥር የማን እንደነበር አንቺም አታውቂውም።

ሌላው፣ ቫንኩቨር አንድ ወጥ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 የሕክምና ጆርናል ኤዲተሮች ካናዳ ቫንኩቨር ከተማ ተሰብስበው ለጽሑፍ አቀራረብ የጋራ መስፈርት አወጡ፤ ስሙ ከዚያ ቀረ። ዓላማቸው ደራሲ ለየጆርናሉ እንደ አዲስ እንዳይተይብ ነበር። ዛሬ ግን እያንዳንዱ ጆርናል የራሱን ነገር ጨምሮበታል። አንዱ ቁጥሩን በማዕዘን ቅንፍ ያስቀምጣል፤ ሌላው ከፍ አድርጎ በትንሹ ይጽፈዋል። አንዱ ከነጥብ በፊት፣ ሌላው ከነጥብ በኋላ። አንዱ ስድስት ደራሲ ጽፎ የቀረውን «እና ሌሎች» ይላል፤ ሌላው ሁሉንም ይዘረዝራል። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ላይ «ቫንኩቨር» ብለሽ አትፈልጊ፤ የጆርናሉን ስም ጻፊ። ዞቴሮ የሚባለው የዋቢ ማደራጃ ሶፍትዌር በሺዎች የሚቆጠሩ የጆርናል ስታይሎች ስላሉት አብዛኛውን ጊዜ ታገኚዋለሽ። ካጣሽው ጆርናሉ በቅርብ ያወጣቸውን ሁለት ሦስት ጽሑፎች አውርደሽ ዝርዝራቸውን እዪ። ታትሞ የወጣ ጽሑፍ ከመመሪያው ይልቅ እውነቱን ይናገራል፤ ብዙ የደራሲ መመሪያ ከተጻፈ በኋላ የሚያድሰው የለም።

የጓደኛሽ ምክር ከአማካሪሽ የባሰ ነው። ቻትጂፒቲና መሰሎቹ ዋቢ ይፈጥራሉ። የሚፈጥሩት ደግሞ አሳማኝ ነው፤ እውነተኛ ደራሲ፣ እውነተኛ ጆርናል፣ የሌለ ጽሑፍ። «እኔ አዲስ አምጣ አላልኩትም፣ ያለውን ቀይር ነው ያልኩት» ትዪ ይሆናል። ያለውን ሲቀይርም አንድ ደራሲ ሊጥል፣ የገጽ ቁጥር ሊለውጥ፣ ርዕስ «ሊያስተካክል» ይችላል፤ ይህን ሁሉ ሳይነግርሽ። 112 ዋቢ አንድ በአንድ ከምንጩ ጋር ካላመሳከርሽ አታውቂውም፤ ካመሳከርሽ ደግሞ ማሽኑ ምኑን አገዘሽ? የፎርማት ስህተት ይታረማል። የሌለ ምንጭ መጥቀስ ግን የታማኝነት ጉዳይ ነው፤ እሱ በእርግጥ ያስወድቃል።

እና የምመክርሽ ዞቴሮን ነው። ነፃ ነው፤ ኮምፒውተርሽ ላይ ይጫናል፤ ኢንተርኔት ሲጠፋም ከዎርድ ጋር ይሠራል። ይህ ለእኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። ሜንደሌይ የሚባለው መሰሉ ሶፍትዌር ጥሩ ነበር፤ የድሮውን የዴስክቶፕ ስሪት ግን እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ማውረድ አይቻልም፤ አዲሱ ደግሞ በኢንተርኔት ላይ ይደገፋል። ሌላው መሰሉ ኤንድኖት ይከፈልበታል። በፍላሽ የሚዞረውን ክራክ (ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተሰበረ ቅጂ) ቫይረስ ከነቤተሰቡ ይዞ ስለሚመጣ አትንኪው።

አሰባሰቡ እንዲህ ነው። አብዛኛው ጽሑፍ ዲኦአይ የሚባል መለያ አለው፤ በ10 እና በነጥብ የሚጀምር ረጅም ቁጥር። ቴሲስሽ ላይ ካልጻፍሽው ዲኦአይ የሚመዘግበው ድርጅት ክሮስሬፍ በነፃ የሚሰጠው አገልግሎት አለ፤ የዋቢ ዝርዝርሽን ለጥፈሽ ስታስገቢ ከየዋቢው ጎን ዲኦአዩን ያመጣልሻል። ከዚያ ዞቴሮ ላይ የአስማት ዘንግ የምትመስለውን ምልክት ተጭነሽ ቁጥሮቹን ስትለጥፊ ሙሉ መረጃው ይገባል። የሕክምና ጽሑፎች ዳታቤዝ የሆነው የፐብሜድ መለያ ቁጥርም ሆነ የመጽሐፍ አይኤስቢኤን በዚያው ይሠራል። ከጉግል ስኮላር መቅዳትን ግን ተዪው። የሚሰጥሽ መረጃ ብዙ ጊዜ ጎደሎ ነው፤ ዲኦአይ የለውም፤ የጆርናሉ ስምም አንዳንዴ ተቆርጦ ነው የሚመጣው። አንድ ነገር አስቀድመሽ እወቂ፦ በእጅ የተጻፈው ሳይቴሽን (በጽሑፉ መካከል ያለው የምንጭ ጥቆማ) በራሱ ወደ ሶፍትዌር አይገባም። እያንዳንዱ ቦታ ላይ ሄደሽ የድሮውን አጥፍተሽ አዲሱን ማስገባት አለብሽ። አሰልቺ ነው፤ ግን አንዴ ነው። ነገ ጽሑፉ ወደ ሌላ ጆርናል ቢሄድ ስታይሉን የምትቀይሪው በአንድ ጠቅታ ነው።

አሁን ወደ ስማችን። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ፣ የአባት፣ የአያት ስም ነው ያለን። ዓለም አቀፍ ጆርናል ግን የመጨረሻውን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ወስዶ ወደ ፊት ያመጣዋል። ለምሳሌ አበበ ከበደ ተሰማ የሚባል ተመራማሪ አለ እንበል። በሁለት ስም ሲያሳትም «ከበደ ኤ» ይሆናል። በሦስት ስም ሲያሳትም «ተሰማ ኤ ኬ» ይሆናል። አንዱ ጆርናል ሲገለብጠው ደግሞ «አበበ ኬ» ብሎ ያወጣዋል። አንድ ሰው በዳታቤዝ ውስጥ ሦስት ሰው ሆነ ማለት ነው። በዚህ ላይ የእንግሊዝኛ አጻጻፉን ጨምሪበት፤ «ፀ»ን በስንት ዓይነት ሆሄ እንደምንጽፋት ታውቂዋለሽ።

ታዲያ አንቺ የትኛውን ትጽፊያለሽ? የምትጠቅሺው ጽሑፍ ላይ የወጣውን፣ እንዳለ። ሰውየውን በአካል ብታውቂውና አያቱ ተሰማ መሆናቸውን እርግጠኛ ብትሆኚ እንኳ ስሙን «አታስተካክዪ»። ዋቢ ጽሑፉን ለማግኛ ነው፤ አንቺ ያረምሽው ስም ከታተመው ካልገጠመ አንባቢም ዳታቤዝም ያጣዋል። ከዚህ ሕግ የማወጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጥምር ስም። ሰሎሞን ገብረ ማርያም በሁለት ቃል ሲጻፍ ማሽኑ «ማርያም ኤስ ጂ» ያደርገዋል። ወልደ ሥላሴ «ሥላሴ» ይሆናል፤ ኃይለ ሚካኤል «ሚካኤል»። ይህ የደራሲው ምርጫ ሳይሆን ሲመዘገብ የተሠራ ስህተት ነው። ፒዲኤፉን ክፈቺ፤ የመጀመሪያ ገጹ ላይ ስሙ እንዴት እንደታተመ እዪና ሁለቱንም ቃል በቤተሰብ ስም ሳጥን ውስጥ አንድ ላይ አስገቢ። ዲኦአዩ እዚያው ስላለ ጽሑፉ አይጠፋም።

በታሪክ፣ በቋንቋና በኢትዮጵያ ጥናት ጆርናሎች ሕጉ ይለያል። እዚያ የኢትዮጵያዊ ስም አይገለበጥም። የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴ በቤተ መጻሕፍት ካታሎግም «ባሕሩ ዘውዴ» ናቸው፤ የሚፈለጉትም በ«ባ» ነው። የእሳቸውን መጽሐፍ ለሕክምና ጆርናል ብትጠቅሺ ግን በስታይሉ መሠረት «ዘውዴ ቢ» ይወጣል። ያስከፋል፤ ቢሆንም በአንድ ዝርዝር ውስጥ ግማሹን ገልብጦ ግማሹን መተው ከዚያ የባሰ ነው። የጆርናሉን ሕግ ተከተዪ። ካልተስማማሽ ለኤዲተሩ ጻፊለት፤ አንዳንዶቹ ይፈቅዳሉ። ካልፈቀደ ግን ዝርዝሩ ውስጥ አትሟገቺ።

የራስሽን ስም በተመለከተ ዛሬውኑ ወስኚ። ሁለት ይሁን ሦስት፣ በየትኛው ሆሄ፣ አንዴ መርጠሽ ዕድሜ ልክሽን እንዳትቀይሪው። ኦርኪድ የሚባለውን የተመራማሪ መለያ ቁጥርም በነፃ አውጪ፤ ስምሽ የትም ቢገለባበጥ ሥራሽ አንቺ ጋር ይመጣል።

ለድርጅት ስም መፍትሔው አጭር ነው። ዞቴሮ ላይ ከስሙ ሳጥን አጠገብ ሁለቱን ሳጥን ወደ አንድ የምትቀይር ትንሽ ምልክት አለች፤ እሷን ተጭነሽ ሙሉ ስሙን ጻፊ። በቃ። መጠንቀቅ ያለብሽ በስሙና በዓመቱ ላይ ነው። የኢትዮጵያን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሪፖርቶች ሳትጠቅሺ እንዳልቀረሽ እገምታለሁ። ዓመቶቹን በእነሱ አቆጣጠር ልጥራቸው፦ የ2005ቱ ጥናት ሪፖርት የታተመው በ2006 ነው፤ የ2011ዱ በ2012። የ2019ኙ ሚኒ ጥናት የመጨረሻ ሪፖርት የወጣው በ2021 ሲሆን ደራሲው ስታትስቲክስ ኤጀንሲ ሳይሆን የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትና አይሲኤፍ የተባለው የውጭ ድርጅት ናቸው። በርዕሱ ውስጥ የጥናቱ ዓመት ይቀመጣል፤ በዓመት ሳጥን ውስጥ የታተመበት። ኤጀንሲው ዛሬ የኢትዮጵያ ስታትስቲክስ አገልግሎት ቢባልም የ2016ቱን ሪፖርት ስትጠቅሺ ሽፋኑ ላይ ያለውን የድሮ ስም ነው የምትጽፊው።

ስለ አማርኛ ምንጮች የጠየቅሽው ከሁሉም ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣ መመሪያን ሳጥኑ ውስጥ 2012 ብለሽ ብታስገቢ የውጭ ገምጋሚ የእሱ 2012 ይመስለዋል፤ «ምንጭሽ አርጅቷል» የሚል አስተያየት ይመጣብሻል። ወሩ ከታወቀ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ጨምሪ። ወሩ ካልታወቀ 2019/20 ብለሽ ጻፊ፤ አንዱን ገምተሽ አትምረጪ። ርዕሱን ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመሽ በማዕዘን ቅንፍ አስገቢና መጨረሻ ላይ ቋንቋው አማርኛ መሆኑን ግለጪ፤ የቫንኩቨር ቤተሰብ የሚፈልገው ይህን ነው። የደራሲውን ስም ግን አትተርጉሚ፤ በላቲን ሆሄ ብቻ አስፍሪው።

አዋጅ ለየት ይላል። ነጋሪት ጋዜጣ በሁለት ቋንቋ ስለሚወጣ የአንዱ አዋጅ ቁጥር ሁለት መልክ አለው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ በአማርኛው ዓምድ 1112/2011 ነው፤ በእንግሊዝኛው 1112/2019። አዋጁ ያው አንድ ነው። በእንግሊዝኛ ስትጽፊ የእንግሊዝኛውን ቁጥር ውሰጂ፤ ከአማርኛው ቀድተሽ 2011ን ከነጮቹ ዓመት ጋር እንዳታቀላቅዪ።

የቀሩት ጥቃቅን ናቸው፤ ግን ቶሎ ዓይን ውስጥ ይገባሉ። ርዕሶችን ዞቴሮ ውስጥ የመጀመሪያው ቃልና የተጸውዖ ስም ብቻ በትልቅ ፊደል ሆነው አስቀምጪ። ሶፍትዌሩ ትንሹን ወደ ትልቅ መቀየር ይችላል፤ ወደ ኋላ ግን የትኛው የሰው ወይም የቦታ ስም እንደሆነ አያውቅም። የተሕዋስያን ሳይንሳዊ ስም ዘመም ብሎ እንዲወጣ ምልክቱን እዚያው ርዕሱ ላይ አድርጊ። የጆርናል ስም አጽሕሮት ከራስሽ አትፍጠሪ፤ ዞቴሮ የሜድላይንን (የሕክምና ጆርናሎች ዳታቤዝ ነው) አጽሕሮት ተጠቀም የሚል ምርጫ አለው። የኢትዮጵያ ሕክምና ጆርናል «ኢትዮፕ ሜድ ጄ» ነው። ላንሴትን የመሰለ ባለ አንድ ቃል ስም ደግሞ አያጥርም።

112 ዋቢ ለአንድ የጥናት ጽሑፍ በዝቷል። ቴሲስ ላይ ብዙ ማንበብሽን ለፈታኞች ማሳየት ነበረብሽ፤ ጆርናል ላይ ያ ጉዳይ አይደለም። መመሪያው ገደብ ካለው እዪ፤ ከሌለው 40 አካባቢ ለማድረስ ሞክሪ። ለአንድ ዓረፍተ ነገር ስድስት ዋቢ ከደረደርሽ ሁለቱን ጠንካሮች አስቀርተሽ አራቱን ጣዪ። «እገሌ እንደጠቀሰው» ብለሽ ከሌላ ሰው ጽሑፍ የቀዳሽውን ሁሉ ዋናውን አውጥተሽ አንብቢ፤ ካላገኘሽው ሰርዢው። ስትከፍቺው ብዙ ጊዜ የተባለውን አይልም፤ አኀዙም ሌላ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ይህን ማንም ሶፍትዌር አይነግርሽም። ዞቴሮ የሚነግርሽ ከሕትመት የተሻረ ጽሑፍ ዝርዝርሽ ውስጥ ካለ ነው፤ ኢንተርኔት ስታገኚ ቀይ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ችላ አትበዪው።

ሰነዱን ለአማካሪሽ ስትልኪ አንድ ነገር አስጠንቅቂያቸው። የቁጥር ስህተት ካዩ በአስተያየት ይጻፉልሽ፤ ራሳቸው ገብተው እንዳይነኩት። በእጅ የተለወጠ ቁጥር ሶፍትዌሩ ሲታደስ ወይ ይጠፋል፣ ወይ ግንኙነቱ ተበጥሶ ደርቆ ይቀራል። ሌላው ጸሐፊም በሜንደሌይ የራሱን ዋቢ እንዳያስገባ፤ ሁለቱ በአንድ ሰነድ ውስጥ አይነጋገሩም። አብራችሁ መሥራት ካለባችሁ ዞቴሮ ላይ የጋራ ቤተ መጻሕፍት ክፈቱ። የመረጃው ቦታ ገደብ የለውም፤ በነፃው 300 ሜጋባይት የሚያልቅብሽ ፒዲኤፍ ስትጭኚ ነው፤ ስለዚህ ፒዲኤፎቹን ኮምፒውተርሽ ላይ ተያቸው።

ሁሉም ሲያልቅ ሰነዱን ኮፒ አድርጊ፤ ኮፒው ላይ ሳይቴሽኖቹን ወደ ተራ ጽሑፍ ቀይሪና ለጆርናሉ እሱን ላኪ። ሕያው የሆነውን ዋናውን ከእጅሽ አታውጪ፤ ገምጋሚው «እነዚህን ጨምሪ» ሲል የምትመለሺው ወደ እሱ ነው። ከመላክሽ በፊት ዝርዝሩን አትሚና በወረቀት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዓይንሽ እለፊው፤ የደራሲዎቹን ዓምድ ብቻ። «ማርያም»ም ሆነ «ኤጀንሲ» የሚያመልጥሽ ስክሪን ላይ ነው።